ከላይ ቤት ያለው ሙቀጫ፦ ትንንሽ ንዴትን ለቆ ከማያውቁት ሰው ጋር መግባባት

ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ግው... ግው... ግው። ከአልጋዬ ትይዩ፣ ልክ ከራሴ በላይ። ኮንዶሚኒየም ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሰባት ወር ሙሉ የነቃሁት በዚህ ድምፅ ነው። ከላይ ያለችው ሴት ትወቅጣለች። ምን እንደምትወቅጥ አላውቅም። ስሟን አላውቅም። መልኳንም በቅጡ አላየሁትም። ግን ጠልቻታለሁ። ጣሪያውን እያየሁ የምነግራትን አዘጋጃለሁ። ፊቴን ስታጠብ አዘጋጃለሁ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜም አዘጋጃለሁ። ታክሲ ውስጥ የሌላ ሰው ክርን ሲነካኝ፣ ለእሷ ያጠራቀምኩት ቁጣ በዚያ ምስኪን ላይ ሊወርድ ይደርሳል።

"አትናደጂ" እያልኩ ራሴን ብዙ ታግያለሁ። አልሆነም። ንዴት "ሂድ" ሲሉት የሚሄድ ነገር አይደለም። የለቀቀኝ ሴትየዋን ሳውቃት ነው። ስለዚህ ንዴትን መልቀቅና ከማያውቁት ሰው ጋር መግባባት ለእኔ ሁለት ጉዳይ አይደሉም። አንዱ የሌላው በር ነው። እኔ ያለፍኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትሞክሩት።

1. ነገሩን ለሽማግሌ አቅርቡት

የሚለቀቅ ነገር አለ፤ የማይለቀቅም አለ። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል ብላችሁ አስቡ።

"እሺ ልጄ፣ ምን በደለችሽ?"

"ሰልፍ ላይ ጃንጥላዋ አንገቴ ላይ ተንጠባጠበብኝ።"

"ከዚያስ?"

"ይኸው ነው።"

እዚህ ላይ ምን ካሳ ትጠይቃላችሁ? ለመናገር እንኳ አፍ የሚያስይዝ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ነው። ይለቀቃል።

ታክሲ ውስጥ ሆን ብሎ የሚነካካ ሰው ግን ትንሽ ነገር አይደለም። ኪስ የሚገባ እጅም፣ በብሔር ወይም በሃይማኖት የሚሰድብ ምላስም፣ ደመወዝ የሚያስቀር አሠሪም እንደዚያው ነው። እነዚህን ማንም "ቻይው" ሊላችሁ አይገባም። እኛ ሴቶች በተለይ "ተይው፣ ምን ታደርጊዋለሽ" እየተባልን ያለፍናቸው ብዙ ትልልቅ በደሎች አሉ። ለእነዚያ መፍትሔው ጮክ ብሎ መናገር፣ ሰው መጥራት፣ መክሰስ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለእነሱ አይሠራም። እንዲሠራም አልፈልግም።

2. አንድ ረጅም ትንፋሽ

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደማችሁ ሲፈላ መጀመሪያ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ እንደሆነ እዩ። አላቁት። ትከሻችሁን አውርዱ። ከዚያ አየር ስባችሁ፣ ከሳባችሁበት ጊዜ በረዘመ ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ አውጡት። ረዘም ያለ ትንፋሽ የልብ ምትን ያረጋጋል። ሁለት ሦስቴ ይበቃል። ንዴቱን አያጠፋውም፤ የመጀመሪያዋን ክፉ ቃል ግን ያስቀራታል።

3. "ናቀኝ" የምትለዋን ቃል ያዟት

ይህኛው ደረጃ ከሁሉም ይከብዳል። ጊዜ ስጡት።

አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የሚነሳውን የመልስ ጠብ ሁላችንም እናውቀዋለን። ረዳቱ አምስት ብር መልስ አልሰጠም። ተሳፋሪው ይጠይቃል። "ቆይ እሰጥሃለሁ" ይላል ረዳቱ። ሁለት ፌርማታ ያልፋል። ድምፅ ከፍ ይላል። ከኋላ ወንበር፣ ለሦስት ሰው ተሠርቶ አራት ከተቀመጠበት፣ አንዱ "ተወው ባክህ፣ አምስት ብር ነው" ይላል። ያኔ ያቺ የታወቀች አነጋገር ትመጣለች፦

"ብሩ አይደለም፣ ንቀቱ ነው!"

ሰውየው እውነቱን ነው። ያመመው ብሩ አይደለም። እንደ ሰው አልቆጠረኝም ብሎ ነው። እኔም በሙቀጫው የተቃጠልኩት ስለ እንቅልፉ ብቻ አልነበረም። "ከታች ሰው መኖሩን እያወቀች" የምትል ሐሳብ ነበረች። ስለዚህ ስትናደዱ "ምን ተወሰደብኝ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ናቀኝ ያልኩት የቱ ጋ ነው?" በሉ። ብዙ ጊዜ ታገኙታላችሁ።

ስታገኙት ደግሞ ያን ሰው ለአንድ ደቂቃ እዩት። ረዳቱን እዩት። ግማሽ አካሉ በመስኮት ወጥቷል። ብሮቹን በቁመታቸው አጥፎ በጣቶቹ መሃል ሰክቷቸዋል። "መገናኛ፣ መገናኛ!" ይጮኻል። "ወራጅ አለ" የሚለውን ድምፅ ያዳምጣል። ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ በቃሉ ይይዛል። ዓይኑ ትራፊክ ፖሊስ ላይ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እንዲህ ነው የዋለው። የእናንተ አምስት ብር ከሐሳቡ ወድቃ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል፤ ሆን ብሎ የሚያስቀር አለ። ግን ሁለቱም ሊሆን እንደሚችል ስታስቡ፣ ንቀት ነው ብላችሁ እርግጠኛ የሆናችሁበት ነገር ይላላል። የምትፈልጉትም እሱኑ ነው። መላላቱን።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እኛ ሰላምታ ሳንመልስ ብናልፍ ደክሞን ነው። ሌላው ሳይመልስ ቢያልፍ ግን ኩራተኛ ስለሆነ ነው። ራሳችንን በሁኔታችን፣ ሌላውን በጠባዩ እንፈርዳለን። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የሥነ ልቦና ምሁር ሊ ሮስ በ1977 እ.ኤ.አ. ለዚህ ስህተት ስም አውጥቶለታል። ስሙን ባናስታውሰውም ስህተቱን በየቀኑ እንሠራዋለን።

ለታክሲው ጉዳይ ደግሞ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ዝርዝር ይዛችሁ ውጡ። ትልቅ ብር ከሰጣችሁ ገና ስትሰጡ "የመቶ ነው፣ ወንድሜ" በሉ። "አንተ ወያላ" ብላችሁ አትጥሩት። "ረዳት" የሚል ቃል አለ፤ "ወንድሜ"ም አለ። ንቀትን የምንጠላ ሰዎች ከሆንን ከእኛ መጀመር አለበት።

4. ለስንት ሰው እንዳወራችሁት ቁጠሩ

"ልተንፍሰው" እንላለን። ተናግሮ መገላገል ያለ ይመስለናል። በ2002 እ.ኤ.አ. ብራድ ቡሽማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህንኑ በ600 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞክሮታል። ተማሪዎቹ ጽሑፍ ጻፉ፤ ጽሑፋቸው ክፉኛ ተነቅፎ ተመለሰላቸው። ተናደዱ። ከዚያ ገሚሶቹ የነቀፋቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲመቱ ተደረገ። ሌሎቹ በስፖርት ሰውነታቸውን ስለማጠንከር እያሰቡ መቱ። የቀሩት ሁለት ደቂቃ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሰውየውን እያሰቡ የመቱት ንዴታቸው አልወጣላቸውም። እንዲያውም ከሁሉ የባሰ ተናደው የተገኙት እነሱ ናቸው። ዝም ብለው የተቀመጡት ከእነሱ ይልቅ ረጋ ያሉ ነበሩ።

እኔ በራሴ ያየሁት ከዚህ አይለይም። በመጀመሪያው ሳምንት መሥሪያ ቤት ሄጄ "ከላይ ያለችው ሴት ትወቅጣለች" አልኩ። በወሩ "ሆን ብላ ነው የምትወቅጠው" ሆነ። በሦስተኛው ወር "እኔ የተኛሁበትን ሰዓት ጠብቃ ነው" እል ጀመር። ሴትየዋ ማን እንደሆንኩ እንኳ አታውቅም። ታሪኩ ያደገው በእኔ አፍ ነው። ባወራሁት ቁጥር ጥቂት ቅመም እጨምርበታለሁ። የሚሰማኝም "ወይ ጉድ! እንዴት ቻልሽው?" ይለኛል።

ስለዚህ ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ሳትጨምሩ። ቡና ላይ ከሆነ ያነሳችሁት፣ በአቦሉ አውርታችሁት ቶናው ሲቀዳ ሌላ ጨዋታ ጀምሩ።

5. ያለንን ቃል አውጡ

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ በጣም የምወደው ነገር ነው። ብዙ ሰው "የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ አነጋግረዋለሁ?" ይላል። አማርኛ እኮ ቃሉን አዘጋጅቶ ሰጥቶናል።

ሰው ሲደናቀፍ "እኔን!" እንላለን። ቃሏን ቆም ብላችሁ አስቧት። በአንተ የደረሰው በእኔ ይድረስ ማለት ነው። አስፋልት ዳር፣ ስሙን ለማናውቀው ሰው። ሲያስነጥስ "ይማርህ" እንለዋለን፤ "ያኑርህ" ይለናል። ሕፃን ላዘለች እናት "ያሳድግልሽ"። ለሚቆፍሩ፣ ለሚገነቡ፣ ድንጋይ ለሚያነጥፉ "በርቱ"። እየበላን ሰው ሲመጣ "እንብላ"። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ "ኖር"፤ እሳቸውም "በእግዜር"።

እነዚህ ቃላት ትውውቅ አይጠይቁም። ማንም "ምን አገባሽ" አይልባቸውም። ከዚያ በኋላ ወሬ እንድትቀጥሉም አያስገድዱም። ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ዓይን ዓይኑን እያያችሁ፣ በሚሰማ ድምፅ፣ ስልካችሁን ኪስ ከትታችሁ በሉት እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም። ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ይበቃል። መንገድ ጠራጊዎቹን በማለዳ "በርቱ" በሏቸው። የሕንፃው ጥበቃ ሲያስነጥስ "ይማርዎት" ብላችሁ እለፉ።

ድሮ ይህን ሁሉ ማሰብ አያስፈልግም ነበር። የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የልብስ ገመድ ነበር። ወደድክም ጠላህም ጎረቤትህን ታውቀዋለህ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም በአዲስ አበባ በስፋት ሲሠራ የየራሳችንን ቧንቧና የየራሳችንን በር አገኘን። ደስ ብሎን ነው የገባነው። ደግሞም ይገባናል። ግን በሩ ሲዘጋ ጎረቤታችን ድምፅ ብቻ ሆኖ ቀረ። ግው ግው የሚል ድምፅ።

ለእኔ ነገሩ የተቀየረው በደረጃው ላይ ነው። ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ አንዲት ሴት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ። ሊፍት የለም። አንደኛውንና ሁለተኛውን ፎቅ በሚያገናኘው ደረጃ ላይ እግራቸው ተንሸራተተ። አንዱ ጀሪካን ወደቀ፤ ክዳኑ ተፈናጥሮ ውሃው ደረጃ ለደረጃ ወረደ።

"እኔን!" አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣው። የተረፈውን ጀሪካን አነሳሁ።

"የት ላድርስልዎት?"

"ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ የኔ ልጅ። አንቺን ደግሞ ላድክምሽ?"

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሙቀጫውን ነው። ከኩሽናው በር አጠገብ ቆሟል። ከቡና ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ዘነዘናው ውስጡ ነው። አጠገቡ ከሰል በጆንያ፣ ረከቦት፣ ሁለት ትልልቅ ጀበና። ታክሲ መሳፈሪያው ጋ የጀበና ቡና የሚሸጡት እሳቸው ናቸው። የማለዳው ሰልፍ ሳይበተን ለመድረስ በሌሊት ቆልተው፣ ወቅጠው ይወርዳሉ። እኔ በዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ለላይ ቤቷ ሴት የምናገረውን እያዘጋጀሁ፣ ከእሳቸው ቡና ገዝቼ የጠጣሁበት ቀን አለ።

ልብ ብላችሁ ከሆነ "እሷ" እያልኩ ነው የጀመርኩት። ከዚያች ምሽት ወዲህ "እሳቸው" ሆኑ። ሌላ ምንም ሳይለወጥ፣ ሙቀጫውም እየተወቀጠ፣ ንዴቱ ግን ቦታ አጣ።

6. ጨዋታው ሲከፈት

ቃሉን ካላችሁ በኋላ ሰውየው ጨዋታ ከቀጠለ ምን ታደርጋላችሁ? አብራችሁ ካላችሁበት ነገር ጀምሩ። ሰልፉ፣ ዝናቡ፣ መንገዱ። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ምክር መጠየቅ ነው። ጉሊት ላይ ያሉትን እናት "ለዶሮ የትኛው ሽንኩርት ይሻላል?" በሏቸው። ሰው የሚያውቀውን ሲጠየቅ ፊቱ ይፈታል።

"አገርህ የት ነው?" ብላችሁ አትጀምሩ። በቀና ልብ ብትጠይቁም በዚህ ዘመን የሚያስደነግጠው ብዙ ነው። ደመወዝና ትዳርም ይቆዩ። ትልቅ ሰውን በ"እርስዎ" ጀምሩ፤ "አንቺ በይኝ" ካሉ ያኔ ታወርዱታላችሁ። አርባ ዓመት ያልሞላትን ሴት "እማማ" አትበሉ፤ "እህቴ" ሁልጊዜ ያስኬዳል።

ለወንዶች አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በመንገድ ላይ ለወጣት ሴት የምትናገሩት የመጀመሪያ ቃል ስለ መልኳ ከሆነ ያ መግባባት አይደለም፤ ለከፋ ነው። መለማመድ የምትፈልጉ ከአዛውንቶች፣ ከሻጮች፣ ከጥበቃዎች ጀምሩ። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ካለ፣ በአንድ ቃል ከመለሰች፣ ወደ መስኮት ከዞረች "እሺ፣ መልካም ቀን" ብሎ ማቆም ነው። አለመፈለግ መብቷ ነው። ንቀትም አይደለም፤ ወደ ሦስተኛው ደረጃ መለስ ብላችሁ አንብቡት።

"ሰው ማነጋገር አይሆንልኝም፣ ይደብረኛል" የምትሉ ትኖራላችሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች ቺካጎ ውስጥ በባቡርና በአውቶቡስ የሚመላለሱ ሰዎችን በሦስት ከፈሉ። ገሚሱ አጠገቡ ያለውን የማያውቀውን ሰው እንዲያነጋግር፣ ገሚሱ ዝም እንዲል፣ ገሚሱ እንደ ልማዱ እንዲሄድ። ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ሲጠየቁ ዝም ማለቱ ይሻላል ብለው ነበር። ጉዞው ደስ ብሎን ነበር ያሉት ግን ያነጋገሩት ናቸው። ግምታችን ተገልብጦ ነው የተገኘው። እኛ ደግሞ ከቺካጎ ሰው ይልቅ "እንዴት አደርክ" ለማለት ቅርብ ነን።

እናንተ ያስቀየማችሁ ቀን ግን ምክንያት አትደርድሩ። "ይቅርታ፣ አላየሁዎትም" በቂ ነው።

7. ጥያቄያችሁን አሁን አቅርቡ

መልቀቅ ማለት እንቅልፍ አጥቶ መኖር ማለት አይደለም። ልዩነቱ ስሙን ለምታውቁት ሰው ስትናገሩ ድምፃችሁ ሌላ መሆኑ ነው። ጊዜ ምረጡ፤ ነገሩ እየተፈጸመ ሳለ፣ ደማችሁ ሞቆ፣ በር አታንኳኩ። ባዶ እጅ አትሂዱ፤ ከክስ ይልቅ መላ ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት ዳቦ ይዤ ወጣሁ። ቡና ቀረበ። በሁለተኛው ሲኒ ላይ "ሙቀጫው ከሥሩ ጆንያ ቢነጠፍለት ይሆን? ወለሉ ስስ ነው መሰለኝ፣ ወደ እኔ ይወርዳል" አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "ወይኔ! ይሰማሻል እንዴ? ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?" አሉኝ። ደንግጠዋል። ሰባት ወር ሙሉ ንቀት ነው ያልኩት ነገር ይኸው ነበር።

ሁለት ጆንያ አጥፈው አነጠፉበት። ድምፁ አሁን ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ብዙ ጊዜ እንቅልፌን አልፎ አይሰማኝም። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በሌሊት ስለሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ተስማማን። ቧንቧው ድምፅ ማሰማት ሲጀምር መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ያኔ ጆንያውን ገለል አድርገው በዘነዘናው ወለሉን ሁለቴ ይመታሉ። ግው፣ ግው። ተነስቼ ባልዲዎቼን እደረድራለሁ።